ሳይለካ ያነሳኋት ኳስ

ሊትልተን፣ ኮሎራዶ
ነሐሴ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

እማዬ የኔ ሆድ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ትናንት ግን አንድ ዋንጫ አስበልቼ መጣሁ።

የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስስ ዊልማ፣ ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ሴቶች ቡድን አለቃ ናቸው። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ ትቀመጣለች፣ ትልቁን ኳስ አንከባልሎ ወደ እሷ ይበልጥ ያስጠጋው ነው የሚያሸንፈው። ትልቁ ኳስ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ አጎቴ ፈሪድ ወሬ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ከግንቦት ጀምሮ ሳመላልሳቸው እኔም ለመድኩት። አንዷ ተጫዋች እጇ ወልቆ ስትቀር፣ «ኑሰይባ፣ አንቺ ትገቢያለሽ» አሉኝ። እምቢ ብል ማን ሊሰማኝ! ሁሉም ነጭ ስለሚለብሱ ለዒድ የላክሽልኝን ቀሚስ ለበስኩ። ጉድ አሰኘሁበት።

ውድድሩ በካውንቲዎች መካከል ነው፤ ካውንቲ ማለት እንደኛ አውራጃ በይው። እኛ ለአራፓሆ ተሰልፈን፣ ለዋንጫው ከዴንቨር ሴቶች ጋር ደረስን። ሚስስ ዊልማ ይህን ዋንጫ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት ኖረዋል። በመስከረም ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ፍሎሪዳ ስለሚሄዱ፣ የቀራቸው ዕድል ይኸው ብቻ ነበር።

እኩል ለእኩል ሆነን በመጨረሻው ዙር ሚስስ ዊልማ የለቀቋት ኳስ ነጯ አጠገብ ሄዳ ቆመች። የዴንቨሮቹም ኳስ ቅርብ ስለነበረ መለካት ግድ ሆነ። የእነሱ አለቃ በዕድሜ ሚስስ ዊልማን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሜትር ይዘው፣ ወገባቸውን እየደገፉ ማጎንበስ ሲጀምሩ ኳሷን ሊያነሱ መሰለኝ። ትልቅ ሰው ሲያጎነብስ እኔ ቆሜ አይቼ አውቃለሁ? «ይተዉት፣ እኔ አለሁ!» ብዬ ሮጥኩና ኳሷን አንስቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። የገዛ ኳሳችንን!

ለካ ሳይለካ የተነሳ ኳስ ላነሳው ቡድን አይቆጠርም። ዋንጫው ለዴንቨር ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እኔ እየነዳሁ አለቅሳለሁ። እንግልውድ ስንደርስ ሚስስ ዊልማ፣

«ይሄን ለትልቅ ሰው ማጎንበስ ማነው ያስተማረሽ?» አሉኝ።

«እናቴ።»

«እንግዲያው ጻፊላት። ዋንጫዬን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ በያት።» ብለው ሳቁ። ቆይተው ደግሞ ትከሻዬን ነካ አደረጉና፣ «አመሰግናታለሁም በያት። እኔ ሦስት ልጅ ሳሳድግ ይሄን አላስተማርኩም» አሉ።

ይኸው አደረስኩ። እማዬ፣ እኔም አመሰግንሻለሁ። በሰው አገር ሰው ያደረገኝ ያንቺ አስተዳደግ ነው። ለሰው እናት ሮጬ ሳነሳ፣ ላንቺ የሚያነሳልሽ መኖር አለመኖሩን አለማወቄ ግን አንጀቴን ይበላዋል። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እኔ እስክደርስልሽ፣ ቀድሞሽ የሚያጎነብስ ሰው አያሳጣሽ።

ልጅሽ ኑሰይባ