መሬት ሳትረግጥ ጎበዝ ይበሏት

ዌምብሊ፣ ለንደን
የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት፣ ለምፈራዎት፣ በአንድ ፊሽካ አዳራሽ ሙሉ ልጅ ቀጥ ለሚያደርጉት ለጋሼ ሰይፈሥላሴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የጅማው የሰርከስ አዳራሻችን ጣሪያ አሁንም ያፈሳል? እኔ አምሃ ነኝ። ኂሩት ስትወረወር ከስር ቆሞ የሚቀበላት፣ ጫማዎ ውስጥ እንቁራሪት የሚከተው አምሃ። እናቴ ወደዚህ ካመጣችኝ ወዲህ ቁመት ጨምሬያለሁ፤ ትምህርቱ ግን ያው እንደሚያውቁት ነው፣ ፊደል ብገድፍ በቀይ እስክሪብቶ አይምጡብኝ።

ጋሼ፣ ኂሩት እዚሁ ልትቀር ነው! ማለቴ፣ ልትቀር ትችላለች! ለጥቂት ወር ትርኢት የመጣችው ልጅዎ አገሩን አሳበደችው። አየር ላይ ሦስት ጊዜ ስትገለበጥ አጠገቤ የነበረው ፈረንጅ ቢራውን ጭኑ ላይ ደፋው። አሁን አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ሊቀጥራት ይፈልጋል። ቪዛዋ ግን በሚያዝያ ያልቃል። ለመቆየት ልዩ ተሰጥኦ ያላት መሆኗን በማስረጃ አሳይታ አፕላይ ማድረግ አለባት። የጋዜጣ ወሬ አለ፣ ሽልማት አለ። የሦስት አዋቂዎች የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል። ሁለቱ ፈረንጆች ጽፈዋል፤ "እንዲህ ያለች አይተን አናውቅም" ብለው ምለው ተገዝተዋል። ሦስተኛው የእርስዎ ነው።

ጋሼ፣ ምን ነካዎት?

ጠበቃዋ ሶፊያ፣ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ፣ የላኩትን ደብዳቤ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "ኂሩት ታዛዥ ናት። ሰዓት ታከብራለች። ታላላቆቿን ትፈራለች። ግራ እግሯ ገና መታረም ይቀረዋል።" ከዚያ ቀና ብላ አየችን።

"ሶሪ፣ ይሄ ድጋፍ ነው ክስ? ኤክሴፕሽናል፣ ልዩ ናት የሚለው የታለ?"

"ስለ ግራ እግሬ እውነታቸውን ነው" አለች ኂሩት አንገቷን ደፍታ።

"አንቺ ዝም በይ!" አልናት ሁለታችንም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ ሶፊያ ሳቅ ብላ "እዚህ ነዋሪ የሆነ ባል ካላት..." አለች። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ደህና ጣሪያ ነው፣ አያፈስም። ኂሩት ግን "በመገልበጤ እቀራለሁ እንጂ በወንድ አልቀርም" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ምን አደረግኩ መሰልዎት? እርስዎን ሆኜ ጻፍኩ! "ይህች ልጅ ስትዘል ጥላዋ ደክሞት ቁጭ ይላል" ብዬ ጀመርኩ፤ ከድንችም የሰርከሳችንን ማኅተም ቀረጽኩ። ኂሩት ደረሰችብኝ። ደብዳቤውን ቀደደች፣ ማኅተሙን ጠበሰችው። "ጋሼ ያላሉትን አሉ አታሰኝ" አለችኝ ድንቹን እያላመጠች። ልትጋብዘኝ እንኳን አላሰበችም!

ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ይጻፉ። ለምን እንደማያመሰግኑ አውቃለሁ። "መሬት ሳይረግጥ ጎበዝ የተባለ ይወድቃል" ይሉን ነበር። ከረገጥን በኋላም ቢሆን የምትደርሰን "ይሁን፣ ድገሙት" ናት። እኔማ አንድም ቀን "ጎበዝ" አልተባልኩም፤ እንቁራሪቱ ይሆናል ምክንያቱ። እዚህ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ አስቀድማ ካልተመሰገነች መሬት አያስረግጧትም። ልጅቷ አሁን አየር ላይ ናት፣ ጋሼ።

ውሸት አንለምንዎትም። ያዩትን ይጻፉ። ሦስተኛውን ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለበጠች ዕለት፣ ተቀብያት ቀና ስል እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይንዎን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። "አቧራ ነው" አሉን። አዳራሹን እኮ የዚያን ዕለት ጠዋት ያጠብነው እኛ ነን። ያንን አቧራ ይጻፉልን።

ይህን የምታደርስልዎት ወርቅዬ የዚሁ የለንደን፣ የክላፋም ሰፈር ሰው ናት፤ እዚያ ሁለት ሳምንት ቆይታ ትመለሳለች፣ መልሱን በእጇ ይስጧት። በስልክ ያልነገርኩዎት "እናያለን" ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ለጉልበትዎ ቅባት፣ ለልጆቹ ቸኮላት ልኬያለሁ። ቸኮላቱ ጉልበት ላይ አይቀባም።

ጉልበትዎን ያጽናልን፣ ፊሽካዎ አይዘጋ፣ የወረወሩት ልጅ ሁሉ በእግሩ ይረፍ።

እኔ እንዳስተማሩኝ ከስር ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳልነቅል። መቆሜን አልነገርኳትም። እርስዎም አይንገሩብኝ።

ልጅዎ
አምሃ