ሠላሳ አራት አረንጓዴ ነጥቦች

ሰኞ

ሦስታችንም ኮድ መጻፍ አንችልም። ይህን ለሌሎቹ ቡድኖች አልተናገርንም። ናሆም የሁለት ወር የኦንላይን ኮርስ ጨርሷል፤ ስለዚህ ፕሮግራመራችን እሱ ነው። ሐያት በፋርማሲ ተመርቃ አባቷ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፤ ግን ቀለም ታውቃለች፣ ዲዛይኑ የእሷ ነው። እኔ ያጠናሁት ታሪክ ነው። ሥራዬ መጻፍ፣ ስልክ መደወልና ሁለቱ ሲጣሉ መገላገል።

ሃካቶኑ፣ ማለትም የሶፍትዌር ሥራ ውድድሩ፣ ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለን። ሐሳባችን፦ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የየካና የእንጦጦ መጎብኛ ድረ ገጽ። ስሙ «ይግቡ»። የሚገባበት ቦታ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣ የማይገባበት ቀይ። በቃ። ያሸነፈ ቡድን ስድስት ወር እዚሁ ቢሮ ተሰጥቶት ይሠራል። ከተመረቅኩ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ የለኝም። እናሸንፋለን፤ ከአሁኑ ይታወቀኛል።

ማክሰኞ

ሠላሳ አራት ቦታ ደወልኩ! ካፌ፣ ምግብ ቤት፣ መናፈሻ፣ የሥዕል ማሳያ። ሁሉንም የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ «በዊልቸር የሚሄድ ሰው እናንተ ጋ መግባት ይችላል?» ሠላሳ አራቱም «አዎ!» አንድ ዘበኛማ ተቆጡኝ፤ «ምን ማለትሽ ነው ልጄ፣ እኛ ሰው እንመልሳለን እንዴ?»

ካርታው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ሐያት «ቀዩን በከንቱ ነው የመረጥኩት» አለች።

ናሆም ዋናውን ገጽ በስህተት አጠፋው። ከምሳ በኋላ መለሰው። አልጮህንበትም። እሺ፣ ትንሽ ጮኸንበታል።

ረቡዕ

ሃካቶኑ የመደበልን አሠልጣኝ «ለሚጠቀምበት ሰው አሳዩት» አለን። ሐያት ሰፈር፣ ቀበና፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ። ሃምሳን አልፈዋል፤ ዊልቸር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስልኬን ተቀብለው ካርታውን አዩ። «ይኼ ሁሉ? እኔ ሳልሰማ ነው እንዴ ከተማው የተሠራው?» አሉና ቅርብ ያለውን አረንጓዴ ካፌ መረጡ። አብረን ሄድን።

አራት ደረጃ።

እኔ ደረጃውን እያየሁ ደርቄ ስቀር ሦስት አስተናጋጆች ሮጠው ወጡ። «እናቴ፣ እኛ እያለን! አንተ በዚያ በኩል ያዝ!» ብድግ። እትዬ ዘነበች ጎማቸውን ጨብጠው «አውርዱኝ! ጆንያ ነኝ እንዴ?» አሉ። አወረዷቸው። አስተናጋጆቹ ግራ ገባቸው፤ ክፉ ነገር አልሠሩም እኮ።

ለካ ማንም አልዋሸኝም። ሠላሳ አራቱም «ይገባል» ያሉኝ «ተሸክመን እናስገባለን» ለማለት ነው። እኔም ብጠየቅ እንዲሁ ነበር የምመልሰው።

ስንመለስ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ነገሩኝ። «እንጦጦ ራጉኤል ጎረቤቶቼ ሁለት ጊዜ ወስደውኛል፤ ይባረኩ። ግን የምሄድበትንም የምመለስበትንም ሰዓት የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። እኔ አንድ ቀን ብቻዬን እንጦጦ ወጥቼ፣ ሲበቃኝ መመለስ ነው የምፈልገው። እሱ የትኛው ነጥብ ነው?»



ሐሙስ

ጭቅጭቅ። «ሁሉንም ግራጫ እናድርገውና በእግራችን ሄደን እንለካ» አልኩ። ናሆም ላፕቶፑን ድርግም አድርጎ ዘጋው።

«ሁለት ቀን ነው የቀረን! ዳኞች ፊት ባዶ ካርታ ይዘን እንቁም? በኋላ እናስተካክለዋለን።»

«በኋላ ማለት እትዬ ዘነበች ደረጃ ሥር ከቆሙ በኋላ?» አለች ሐያት።

ከዚያ ናሆም «ሜትር ማን አለው?» አለ። ይህን ልጅ አንዳንዴ እወደዋለሁ።

ሜትር ያላቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። መጀመሪያ ያስለኩን የራሳቸውን ወንበር ነው፤ ስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር። «ከዚህ የጠበበ በር ለእኔ ግድግዳ ነው። ጻፊው።» ጻፍኩት።

አዲሶቹ ጥያቄዎች፦
ደረጃ ስንት?
በጣም ጠባቡ በር ስንት ሳንቲ?
መሬቱ ሲሚንቶ ነው ጠጠር?
ሽንት ቤቱስ?
ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ማንም ሳይነካው ያልፋል?

ዓርብ

እግሬ አልቋል። ከቀበና እስከ እንጦጦ፣ ግማሹን በታክሲ፣ ግማሹን ሽቅብ በእግር። አንድ ባለ ካፌ በሩን ስንለካ አይቶ «ልትገዙት ነው?» አለን። ሌላው ደግሞ ለግብር የመጣን መስሎት ሻይ ጋበዘን። ጠጣነው።

አሥራ አንድ ቦታ ደረስን። ሰባቱ ቀይ። አራቱ አረንጓዴ። ሃያ ሦስቱ ግራጫ፣ «ገና አልለካንም» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ከአራቱ አንዱ እንጦጦ ላይ ነው! ግቢው ዛፍ የሞላው ካፌ፤ በደረጃ ፋንታ ዘንበል ያለ የሲሚንቶ መውጫ አለው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ሽንት ቤቱም። ናሆም ሦስት ጊዜ ለካው። አላመነም።

ቅዳሜ

አቀረብን። አንድ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው «ከየካ ሁሉ አራት ቦታ ብቻ?» አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ናሆም ማይኩን ነጠቀኝ። «ማክሰኞ ሠላሳ አራት ነበረን፣ ጌታዬ። ልክ ስላልነበረ አነሳነው። አራቱን ግን ለክተናቸዋል።» ኮርቼበታለሁ።

ሁለተኛ ወጣን። ለሁለተኛ የሚሰጠው ቢሮ ሳይሆን ሰርተፊኬት ነው። ሐያት ትንሽ አለቀሰች። እኔ ሰኞ የትኛውን ግራጫ ቀድመን እንደምንለካ ነበር የማስበው። ማንም አላዘዘንም። እንሄዳለን።

እሁድ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ዘነበች ደወሉ።

«እንጦጦ ነኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሻይ ጋር።»

ጮህኩ። በኮንትራት ታክሲ ወጥተው፣ የለካነው ካፌ በሲሚንቶው መውጫ ራሳቸው እየገፉ ገብተዋል። ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል አሉ። አንድ ሰዓት ተቀምጠዋል፤ አሁን በቅቷቸዋል። «ግን አንዱ መኪናውን መውጫው ላይ ገትሮታል።»

መኪና አልለካንም! «እትዬ፣ ናሆምን ይዤ መጣሁ።»

«እንዳትመጪ!» ከኋላቸው የወንዶች ድምፅ ይሰማኛል፤ «እናቴ፣ ብድግ እናድርግዎት?» እሳቸው፦ «እኔን ተዉኝ፤ የመኪናውን ባለቤት ፈልጉልኝ!» ስልኩ ተዘጋ።

ሃያ ደቂቃ። ግቢያችንን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም። ደወልኩ፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ።

«መኪናው ተነስቶልኝ ወጥቻለሁ። የመውጫው ቁልቁለት ላይ ነኝ፤ ጎማውን የምይዘው በሁለት እጄ ነው። ዝጊው!»

ዘጋሁት።