ቀዝቃዛ መሆን የነበረበት ውኃ

ሚኒሶታ፣ እሑድ ግንቦት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድህ ለባለቤቴ ለንዋይ፣

ፊደሌ ቢጣመምብህ ይቅር በለኝ። ልታስታምማቸው የሄድክላቸው የእናትህ የእማማ እታፈራሁ የተሰበረ ዳሌ እንዴት ሆነላቸው? በምርኩዝ እስከ በር ሄዱ ያልከኝ ዕለት ስዕለቴን አስገብቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን አይዳም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። ለነገሩ አንተ የምትደነግጥበት ነገር የለም። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ትናንት አርቪህ ጋ፣ እንደ ቤት የሚታደርበት መኪናህ ጋ ሄጄ ነበር። አዎ፣ አትንኪው ያልከኝን። በፋሲካ ሰሞን ደውለህ «ዘንድሮ ተይው፣ ስመጣ እኔ አየዋለሁ» ስትለኝ ከድካም ልታድነኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ላስደስትህ ፈለግኩ። በሰኔ ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ፣ ምድጃው ተወልውሎ፣ ከቧንቧው ሙቅ ውኃ ሲወርድ ብታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ። አይዳም ነርስነት ከምትማርበት ከዱሉዝ ለክረምት ዕረፍት ትመጣለች፣ ሦስታችን ሐይቅ ዳር እንሄዳለን ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ ያደርንበትን መኪና ስንት ዓመት በሰው እርሻ ግቢ እናቆመዋለን?

አረጋውያን በምንከባከብበት ሥራ ቦታዬ ያለች አንዲት ነርስ ናት የቀሰቀሰችኝ። የአርቪ ውኃ ማሞቂያ በየዓመቱ ካልታጠበ የዚህ አገር ውኃ ኖራው ከሥሩ ይጋገርና ታንከሩን ይጨርሰዋል አለችኝ። እኔ የቤታችንን ማሞቂያ እንኳ በቅጡ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወዳለው የጓደኛህ የከማሉዲን ጋራዥ ሄጄ ለመንኩት።

«እኅቴ፣ እኔ ሞተር ነው የማውቀው፤ ግን ለንዋይ ሲሆን እምቢ አይባልም» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሪችፊልድ ቤታችን ድረስ መጥቶ በፒክአፑ ወሰደኝ።

መንገድ ላይ ሥራውን አስረዳኝ። ጋዙና ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፤ ታንከሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከላይ ያለችው ቫልቭ ተከፍታ ግፊቱ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የታችኛው ቡሎን የሚፈታው። «ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው በፈላ ውኃ ይጠበሳል» አለኝ። «የእናንተ ግን አያሳስብም። መስከረም ላይ ንዋይ አገር ቤት ከመሄዱ በፊት እኔና እሱ ውኃውን አንጠፍጥፈን፣ ቧንቧው በበረዶ እንዳይፈነዳ ያን ሮዝ ፈሳሽ ሞልተንበታል። ታንከሩ ባዶ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

አፕል ቫሊ ከተማን አልፈን እርሻው ጋ ስንደርስ የግቢው ባለቤት ሽማግሌው ገበሬ አልነበረም። አርቪው ከጎተራው ጀርባ አንተ እንዳቆምከው ቆሟል። ከማሉዲን ከጎኑ ያለችውን የማሞቂያውን ትንሽ የብረት በር ከፍቶ ተንበረከከና መፍቻውን ቡሎኑ ላይ አስገባ። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መፍቻውን ትቶ የቫልቩን እጀታ ብድግ አደረጋት።

እንዴት ብዬ ልንገርህ! እንፋሎቱ ቡልቅ አለና የፈላው ውኃ በእጅጌው ላይ ተወርውሮ ወጣ። ከማሉዲን «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብሎ በጀርባው ሳሩ ላይ ወደቀ። እኔም የያዝኩትን የውኃ ጎማ ጥዬ ጮኽኩ።

«ባዶ ነው አላልከኝም?»

«ባዶ ነበር!» አለኝ። የእጁ አንጓ ቀልቷል። መፍቻውን ከቡሎኑ ላይ ነቅሎ አየው። «እኅቴ፣ ቡሎኑን ቀድሜ ብፈታው ኖሮ ዛሬ ፊት አይኖረኝም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ዛሬ ጠዋት የለኮሰ ሰው አለ።»

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ከጎተራው የተሳበ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። መስኮቱ ላይ እኔ የማላውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። ደረጃው ተጠርጓል። ሌባ ነው፣ ሰው ገብቶበታል አልኩት። ከማሉዲን «ወደ መኪናው ተመለሺ፣ ፖሊስ እንጥራ» ሲለኝ በሩ ተከፈተ።

ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች፣ አረንጓዴ የሥራ ቱታ የለበሰች ልጅ ወጣች። ንዋይ፣ እናት የወለደችውን ማወቅ ያቅታታል? እኔን አቃተኝ። የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ።

«ማሚ?» አለች።

ሐሙስ ዕለት አናግሬያታለሁ እኮ! ላይብረሪ ነኝ፣ ፈተና ደርሶብኛል ብላኝ «በርቺ ልጄ» ብዬ ነው የዘጋሁት።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«አይ ሊቭ ሂር።» ያልሰማሁ መስሏት በአማርኛ ደገመችው። «እዚህ ነው የምኖረው። ከማርች ጀምሮ።»

«ዶርምሽስ? ትምህርትሽስ?»

«ተውኩት።»

«ቁልፍ ከየት አመጣሽ?»

ከማሉዲንን አየች፤ መሬቱን አየች። «አባዬ ነው የት እንዳስቀመጠው በስልክ የነገረኝ።»

ንዋይ፣ ያ የፈላ ውኃ እኔ ላይ ቢወርድ ይሻለኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየደወልክ ስለ አይዳ ስጠይቅህ «ደህና ናት፣ ጎበዝ ናት» ስትለኝ ነበር። ባሕር ማዶ ያለኸው አንተ ልጄ የት እንደምታድር ታውቃለህ፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለሁት እኔ አላውቅም። በመጋቢት ውርጭ፣ ቧንቧውን መክፈት እስኪቻል ድረስ በጀሪካን ውኃ ከጎተራው ስትቀዳ፣ እኔ ቤቱን አሙቄ ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ።

ከማሉዲን ጨዋ ሰው ነው። ጋዙን አጠፋና «ታንከሩ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ዙህሬን፣ የቀትር ሶላቴን ልስገድ» ብሎ ከጎተራው ወዲያ ሄደ።

ውስጥ ገባን። ቤቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የያዘችው። ሽማግሌው ገበሬ ዘንድ ተቀጥራ ችግኝ ታፈላለች፤ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ። ትምህርቱን ለምን እንደተወች ጠየቅኳት። የካቲት ላይ የሆነውን ነገረችኝ። ለልምምድ በተመደበችበት ክፍል አንዲት አሮጊት እጇን እንደያዙ ሞቱ። ሰው ሲሞት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆማ ደወለችልኝ።

«ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

አስታወስኩ። አንድ ታማሚ ሾርባ እያጎረስኩ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ «ትለምጂዋለሽ፤ ሁላችንም ለምደነዋል፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁባት። መልሼም አልደወልኩም። እሷም ቀጥላ የደወለችው ለአንተ ነው።

ከማሉዲን ተመልሶ ታንከሩን በመዳፉ ዳሰሰና «አሁን ይሆናል» እስኪል ድረስ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቆየን።

ቡሎኑ ሲፈታ አንድ ረጅም ዘንግ አብሮ ወጣ። ዝገቱን ወደ ራሱ እየወሰደ ታንከሩን የሚጠብቀው እሱ ነው አሉ፤ ተበልቶ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ተከትሎት ነጭ የኖራ ኮረት ከውኃ ጋር ተዘረገፈ። አይዳ ቀጭኗን ቱቦ ታንከሩ ውስጥ ሰድዳ ታጥባለች፣ እኔ ጎማውን ይዣለሁ፣ ውኃው እግራችንን አራሰው። ኮረቱ አላልቅ አለ። ድንገት ከአፌ ወጣ።

«እኔም አልለመድኩትም።»

ዘወር አለች።

«አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ አልለመድኩትም። አንዱ በሞተ ቁጥር አጥቤ፣ ልብስ ቀይሬለት፣ ፓርኪንግ ሄጄ መኪና ውስጥ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ወደ ቤት እመጣለሁ። ለምጃለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ንዋይ፣ ይህን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም። ከማሉዲን መፍቻዎቹን በአንድ እጁ እየለቀመ በሌላው ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። አይዳ ቱቦውን ጣለችና በዚያ በራሰ ቱታዋ አቀፈችኝ። ከመቼ ወዲህ እንዳላቀፈችኝ ልቆጥር ሞክሬ አቃተኝ።

ከዚያ ከማሉዲን ገዝቶ ያመጣውን አዲስ ዘንግ ውኃ እንዳያንጠባጥብ ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ ጠምጥመው አሰሩት። አይዳ ታንከሩ በውኃ ሳይሞላ ከተለኮሰ እንደሚቃጠል ለከማሉዲን ስታስረዳው እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። ሲሄድ «ለንዋይ ስትጽፊ ሰላም በይልኝ፤ እጄን ግን አትንገሪው» አለኝ። እነሆ ነገርኩህ። ቅባት ቀብቼለታለሁ፣ ይድናል።

እኔ አብሬው አልተመለስኩም። ይህን የምጽፍልህ እዚሁ አርቪው ውስጥ፣ ታጣፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለነገ ሥራ አልገባም ብዬ ደውያለሁ፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አይዳ ሻወር ውስጥ ናት። ወደ ቤት እንድትመጣ አላስገደድኳትም። ወደ ትምህርቷ ትመለስ እንደሆነም አልጠየቅኳትም፤ ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። ዛሬ ምሳ እሷ ነች የሠራችልኝ።

ቁልፉን ስለሰጠሃት አልቀየምህም። ልጄ ውጭ እንዳታድር አድርገሃል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ ብሏል፤ በደብዳቤ መልስልኝ፣ በስልክ አይሁን። እሷ አትንገራት ብላ ለምናህ ነው ዝም ያልከኝ? ወይስ አንተም እኔን ትፈራለህ?

መድኃኔ ዓለም እማማ እታፈራሁን በሁለት እግራቸው ያቁምልን። አንተንም በሰላም ያግባህ።

የአይዳ እናት፣ ባለቤትህ
ባየሽ