የማክሰኞ ውሃ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የወረኢሉ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት፤ ስምህን ሳትጠራ አትውልም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም የበግ ዋጋ ጠይቄህ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። የሚያደርስልህ አዩብ ነው፣ ሽንኩርታችንን የሚጭነው የአይሱዙ ሹፌር።

አይሱዙ ስልህ እንዳትስቅ። ያ የአፈር ቦያችን ሰፍቶ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ ውሃ ብቻ ነው ገና ያልተለቀቀበት፤ እሱም የፊታችን ማክሰኞ ይለቀቃል። አህያ እንኳ እየለመንናት የምትሻገራቸው የእንጨት ድልድዮች ተነሥተው ከፍ ያለ የኮንክሪት ድልድይ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አዩብ ሠላሳ ኩንታል ነጭ ሽንኩርት ለመካነ ሰላም ገበያ ጭኖ ሲሻገር፣ እናታችን ዓይኗን ጨፍና «አለፈ ወይ?» ትል ነበር። አለፈ። ድሮ ያንን ለማውጣት ስንት ቀን በአህያ እንደምንመላለስ አንተው ታውቃለህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የውሃ አባታችን ጋሽ ሙላው፣ ሃያ ዓመት የመስኖ ውሃ ተራ ያከፋፈሉን፣ አረጀሁ ብለው ለቀቁ። ሰው ሁሉ እኔን መረጠ። ሴት የውሃ አባት! ደስታዬ ግን እስከ መሐላው ነበር። የሚሾም ሰው ቦዩ ራስ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወንዙ ውስጥ ነክሮ፣ የሰው ተራ ወስጄ አላውቅም ብሎ ይምላል።

እጄን ነከርኩ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት የጋሽ ሙላው እናት ሲቀበሩ፣ አንተ የታመመውን በሬ ስትጠብቅ ቀረህ። እኔ ከቀብሩ መሀል ሹልክ ብዬ ወጥቼ፣ ችግኙ ሊደርቅብን ነው ብዬ፣ የዕለቱን የጋሽ ሙላውን የውሃ ተራ ወደ ሁለታችን ማሳ መለስኩት። ሰው ሲመለስ የኛ ማሳ ርሷል። ከቀብር የቀረኸው አንተ ብቻ ነበርክና ሁለት ዓመት ከተራ ታገድክ፤ ባገርህ ሌባ ተባልክ፤ ሄድክ። እኔ ቆሜ አየሁ። አፈርኩ፣ ግን ዝም አልኩ።

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ሹመቱ ቀረብኝ፤ እኔም በተራዬ ሁለት ዓመት ታገድኩ። አልከፋኝም። በመጨረሻ ጋሽ ሙላው ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ፦ «የአዲሱ ቦይ የመጀመሪያ ውሃ የተበደለው ሰው ድርሻ ነው። ማክሰኞን ለእሱ ያዙለት።»

አዩብ ሰኞ ጠዋት ከወረኢሉ ባዶውን ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይዞልሃል። የአካፋህን እጀታ አስቀይሬዋለሁ። ድልድዩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

የቀብሩ ዕለት ደጃፍ ላይ ያወለቅኩትን ባለ ጭቃ ጫማ፣ ሰው ሳይደርስ ያጠብከው አንተ ነበርክ። ለምን እንዳጠብከው አልጠይቅህም። ማክሰኞ ጭቃ አይጠፋምና አሮጌ ጫማ አድርገህ ና፤ አሁን የማጥበው እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። እናታችን አጠገቤ ሆና አሜን ብላለች።

ታናሽ እህትህ