ፍንጭቴን አላስዘጋም

ለውድ እህቴ ለሰልማ ሙሳ
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጂርታ እቴ? ነጋዳ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ ዓርብ ዓርብ ማሳረፍ ጀመረች ወይስ እንደ ድሮዋ ናት? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። አባ የጨፋውን ማሽላ ሰብስቦ ጨርሷል፤ ዘንድሮ ወፍ ብዙም አልጎዳበትም። እማ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ ነገር የላትም። አቡበከር ስምንተኛ ክፍል ገብቷል፤ ድምፁ ተለውጦ እንደ አባ ሲያስል ቤቱ ሁሉ ይስቅበታል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ፋሪዳ ናት። ረመዳን ሳይገባ ወደ ጅዳ ልመለስ ብላ ሰኞ ትነሳለች። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይኝ። ስትደውዪ እማ ድምፁን ከፍ አድርጊው ትላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንቺም የምትጠይቂኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። ጥርስሽን ተሠራሽ ወይ፣ ክሬሙን እየተቀባሽ ነው ወይ ትይኛለሽ። እኔም አዎም አይደለምም ሳልል ስልኩን ለእማ እሰጣታለሁ። አመሌን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማያየኝ የልቤን እናገራለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ጽሑፍ ነውና ስህተቱን እለፊልኝ።

አንቺ ያሰብሽልኝ ይህ ነው። ጅዳ ሹፌር የሆነው የጓደኛሽ የዓዲላ ወንድም ሚስት ይፈልጋል። ፎቶዬን አይቶ፣ ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ጥርሷ ግን ክፍት ነው፣ ጠቆርም ትላለች አለ አልሽኝ። ስለዚህ ፍንጭቴን አንዋር ዘንድ አስዘግቼ፣ በላክሽው ክሬም ሁለት ወር ቀልቼ፣ ሌላ ፎቶ ልነሳለት። ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጥርሱን አስተካክላችሁ፣ ቆዳውንም አንጥታችሁ አምጡልኝ ግን አይልም። ሰውዬውን አላውቀውም። እስካሁን የሰማሁት ይበቃኛል።

አንዋርንም ቢሆን አንቺ የምታውቂው በስልክ በሚለቀው ቪዲዮ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቤቱን የምጠርግለት፣ ዕቃውን የማጥብለት፣ የሰዉን ስም መዝገብ ላይ የምጽፍለት እኔ ነበርኩና ከእኔ ስሚ። አስፓልቱ ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ የጥርስ እንክብካቤና የፊት ውበት የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሰቅሏል። ነጭ ጋዋን ለብሶ ዶክተር በሉኝ ይላል። ደሴ አንድ ጥርስ ሠሪ ዘንድ ሁለት ዓመት ጄሶ ሲበጠብጥ ኖሯል። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ነው፣ ያውም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሮት። ጄሶ የበጠበጠ ሁሉ ሐኪም ከሆነ፣ የእኛን ቤት ግድግዳ የለሰነው ሰውዬም የልብ ሐኪም መባል ነበረበት።

ለሰው የሚሰጠውን ምክር ብትሰሚው። ጥርሳችሁ እንዲነጣ በሎሚና በከሰል ፈግፍጉት ይላል። ሰዉም ቤቱ ገብቶ ይፈገፍጋል። በሳምንቱ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሴን ዘለቀኝ እያለ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ፣ እንግዲህ መሸፈን አለበት ይላቸዋል። ፌሻል የሚለው ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ፣ እንፋሎቱ ላይ አስጎንብሶ፣ ፎጣ ማልበስ ነው። የሚቀባቸው ክሬም ስም በሌለው ብልቃጥ ነው የሚሸጠው። ከባልዲ እየጨለፍኩ ብልቃጡን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሁሉን ከጨረሰ በኋላ ክብ መብራቱን አብርቶ ፎቶ ያነሳቸዋል። በዚያ መብራት የማያምር ሰው የለም፤ ባልዲዬም አምሮ አይቼዋለሁ። መጥረጊያዬን ይዤ ጥግ ቆሜ ነበር የማየው። መምህር የሆነች ሴት፣ ተማሪዎቿ በፍርሃት የሚነሱላት፣ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አፏን ከፍታ ለጄሶ በጥባጩ ይቅርታ ዶክተር ትለዋለች።

ሙናን ያበላሻት ይህ ሰው ነው። የአክስታችን የዘይና ልጅ ሙና ጥር አጋማሽ ላይ ለኢልያስ መዳሯን ሰምተሻል። የቀረውን ግን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ጥርሷ ምን ነበረው? አንዱ የፊት ጥርሷ ትንሽ ዘንበል ያለ ነበር፣ በቃ። አንዋር ግን የሙሽራ ጥቅል የሚባል ነገር አወጣ፤ ለስድስት የፊት ጥርስ ነጭ ሽፋን፣ ፌሻል፣ ከዚያም ክሬም በነፃ። ሙና ቪዲዮውን በቀን አሥር ጊዜ ታየው ነበር። አንቺ እዚያ ነሽ፣ ጥሩ ይሠራል አይደል? ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እንደ አዎ ወሰደችው።

ጥርሶቿን ጥፍር ቤት ውስጥ ጥፍር በሚሞርዱባት ትንሽ ማሽን ሞረዳቸው። የስልኩን መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጥርስ ሲሞረድ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፤ ዱቄቱ ከንፈሯ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ አርቴፊሻል ጥፍር በሚሠራበት ዱቄትና ፈሳሽ ሽፋን አበጅቶ ለጠፈባት። ሙና መስታወት አይታ በደስታ አለቀሰች። እኔም ዱቄቱን ጠረግኩ። አንዋርን ስንቀው ራሴን ከዚያ ውስጥ ያወጣሁ እንዳይመስልሽ። አንድ ቃል ብናገር ትነሳ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከእኛ አገር በቀር የትም አይሆንም። ሙሽራ ናትና ዘይና እንደ ወጉ ቦለቂያ አስገባቻት። የወይባው ፍልጥ ጉድጓድ ውስጥ ተያይዞ፣ ሙና ከላይ ተቀምጣ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ጠዋትና ከሰዓት ጭሱን ትሞቃለች። አንዋር በክሬም ያነጣታል፣ እናቷ በጭስ ቢጫ ታደርጋታለች፤ ሁለቱም ለአንድ ሠርግ ነው። አንዱ ሌላውን የጠየቀ የለም። በአራተኛው ቀን ዘይና፣ ፊቷም እንደ ገላዋ ይመር ብላ ጭንቅላቷን ጭምር ጋቢው ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ በክሬሙ የሳሳው ቆዳዋ ተቃጥሎ ጉንጮቿ እንደ ተላጠ ቲማቲም ሆነዋል። አፏን ስትከፍት ደግሞ ስድስቱም ሽፋኖች የወይባውን ቀለም ይዘዋል። ሁለቱ ይነቃነቃሉ፤ አንዱ ምሳ ስትበላ ከጉርሻው ጋር ወጣ። ከሥሩ የነበረው ጥርስ አይባልም፤ የተቀረጸ እርሳስ ጫፍ ነው። ሠርጉ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔና ዘይና ይዘናት ወደ አንዋር ሄድን። ምን ቢል ጥሩ ነው? ጭስ ውስጥ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ ወይ፣ እናንተ ኋላ ቀሮች ስለሆናችሁ ነው እንጂ ሥራዬ እንከን አይወጣለትም አለ። ዘይና፣ ልጄ ጥርስ ነበራት፣ ጥርሷን መልስ አለችው። እሱም፣ እትዬ አይቆጡ፣ የፊት ማሳጅ በነፃ እጨምርላታለሁ አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓፊያ፣ ያንቺም ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው፣ እህትሽ በስልክ ተነጋግራ ጨርሳለች፣ ፍንጭትሽን በሃያ ደቂቃ እደፍንልሻለሁ አለኝ። ይህን የሚለው ሙና አጠገቤ በሻሿ አፏን ሸፍና ቆማ ነው። ሰልማ፣ እኔ ለትልቅ ሰው አይሆንም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን መዝገቡን ከፍቼ የራሴን ስም ሰረዝኩ፤ መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደግፌ ወጣሁ። ቃል አልተነፈስኩም። በዚህኛው ዝምታዬ ግን አላፍርም፤ ቃል የሚገባው ሰው አልነበረም።

ኒካው አልቀረም። የኢልያስ እናት ሙናን የመረጧት ጨፋ ሮቢት ገበያ ስትስቅ አይተው ነበር፤ ያቺን የምትስቀውን ልጅ ነው ያመጣሁልህ ብለውት ነበር ለልጃቸው። ሻሿን ገለጥ አድርገው አዩና፣ ኩኒ ማሊ፣ ይህ ምንድን ነው? ብለው ዘይናን ጠየቋት። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ሴቶቹ ሁሉ ዓይን በላት፣ ዓይን በላት ተባባሉ። ዓይን አይደለም የበላት፤ ሞረድ ነው። ትናንት ቪዲዮውን እየተቀባበሉ ማሻአላህ ሲሉ የነበሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ሙና ሙሉ ቀን ምግብ አልቀመሰችም፤ ውሃ እንኳ በጎን አጎንብሳ ነበር የምትጠጣው።

ኢልያስ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ተሽሎ ተገኘ። በሳምንቱ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሴት አብራት ትሁን ተባለና እኔም ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ጥርስ ጥፍር አይደለም፣ ከተሞረደ አይበቅልም አለች። ሁለቱ ነርቫቸው ስለተነካ መታከም አለባቸው፣ ከዚያ ሁሉም በወጉ ይሸፈናሉ፣ ግን ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋሉ ብላ ለሙና አስረዳቻት። ክሬሙን አሽትታ ስሙ የት አለ ስትል፣ ስም የለውም አልናት። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ላከችን። እሱም ክሬሙን እንዴት እንደምታቆም ጻፈላት፤ ከፀሐይና ከእሳት ራቂ፣ ቆዳሽ ይመለሳል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አላት።

ሐኪሟ ሙናን ከጨረሰች በኋላ እኔን አየችኝና፣ አንቺስ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ከፈትኩ። ፍንጭቴን ታያለች ብዬ ስጠብቅ መስታወቷ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። መንጋጋሽ ተበልቷል፣ ጣፋጭ ሲነካው አያምሽም? አለችኝ። ያመኛል። ከዓመት በላይ ሆነኝ በዚያ በኩል ካላኘክሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንዋርም፣ አንቺም፣ ያ ፎቶዬን እያጎላ የሚያይ የዓዲላ ወንድምም ያያችሁት የፊቱን ብቻ ነው። ጉድጓዱን አጽድታ ሞላችልኝ። እንደምንም ደፍሬ፣ ፍንጭቴስ? አልኳት። ምን ሆነ? ጤነኛ ነው አለች። ጠዋትና ከመተኛትሽ በፊት በለስላሳ ብሩሽ አጽጂ፣ መፋቂያም ከሆነ ጫፉን አኝከሽ አለስልሺው፣ ድድሽን አትውጊበት፣ ቀኑን ሙሉ ስኳር አትላሺ፣ ሳያምሽም በዓመት አንዴ ታዪ። ምክሯ ይኸው ነው። ክብ መብራት አያስፈልገውም።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ከንፈሯን ገልጣ ጥቁሩን ድዷን አሳየችኝ። ንቅሳት መሆኑን እናውቃለን፤ እንዴት እንደሆነ ግን ነግራን አታውቅም። ሦስት ሴቶች ይዘውኝ በመርፌ ወጉት፣ ጥላሸቱን ሲያሹት ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፣ የሚያገባኝ ሰው ይወደዋል ብለውኝ ነበር አለችኝ። አባትሽን ከሠርጉ በኋላ ብጠይቀው ግን አላስተዋልኩትም አለኝ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ስለዚህ ሰልማ፣ ፍንጭቴን አላስዘጋም። የላክሽውንም ክሬም ጓሮ ቀበርኩት፤ ዶሮ እንዳይጭረው ድንጋይ ጫንኩበት። ለዓዲላ ወንድም እንዲህ ብላለች በይው። ሚስት የሚፈልግ ከሆነ እሱም አፉን ከፍቶ የተነሳውን ፎቶ ይላክ፣ የመንጋጋውን ጭምር። ያን ጊዜ አስብበታለሁ። አስቤም እምቢ እላለሁ።

አንቺን ግን መናቅ አቃተኝ፤ ሞክሬ ነበር። ባለፈው የላክሽውን ፎቶ ለእማ ሳሳያት፣ ይቺ የማን ልጅ ናት አለች። ሰልማ ናት ስላት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ዓይኗ የእሷ ነው አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። ጅዳ ያለን ሴቶች ሁሉ ክሬም እንቀባለን ትያለሽ። ሙናም ያለችው ይህንኑ ነበር።

አባ ሰላም ብሎሻል፤ በየሶላቱ ዱዓ አደርግላታለሁ በያት ብሏል። እማ ሁለት ጉንጭሽን ስማሻለች። አቡበከር ኳስ መጫወቻ ጫማ እንዳትረሺ ብሏል፤ አፍሮ ነው እንጂ ሊጽፍልሽ ነበር። አክስታችን ዘይና ሰላም ብላሻለች፤ አሁን ሰው ፊት ቀና አትልም፣ ስትደውዪ ስለ ሠርጉ አትጠይቂያት። ሙናና ኢልያስ ሰላም ብለውሻል። ዓዲላንም ሰላም በይልኝ፤ ወንድሟን ተዪው።

ለዒድ ፈቃድ ካገኘሽ መናኸሪያ ወጥቼ የምቀበልሽ እኔ ነኝ። ሐኪም ጠይቀሽ ያን ክሬም ከአሁኑ አቁሚው፤ ከአውቶቡስ ስትወርጂ እንድለይሽ።

ታናሽ እህትሽ
ዓፊያ ሙሳ
ከሚሴ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.