ለቅድስት ካታሪና የዋሉ ዝርግ ሳህኖች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አዲሱን የሳህን ንድፌን ለመንደሩ ሸክላ ሠሪ ለዶኛ ዘናይዳ ወስጄ አሳየሁ። ዝርግ፣ ጠርዙ ቀጭን፣ አበባ የለበት፣ ወፍ የለበት። ገልብጠው አዩት። አቀኑት። ደግመው ገለበጡት።

«ይኼ ላልራበው ሰው ነው?»

«ሜክሲኮ ሲቲ ላለ ምግብ ቤት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ግን ይሠሩታል። ሳህን ደፍተው፣ በላዩ ሌላ ሳህን አስቀምጠው፣ በእጃቸው እያሽከረከሩ ጭቃውን ያወጡታል። ጭቃው ይታዘዝላቸዋል። እኔን፣ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ እስከ ዛሬ አንቱ ይለኛል።

ምግብ ቤቱን የምትከፍተው ሬናታ በ29 ራሷ መጥታ ትረከባለች። ካልተረከበች ወርክሾፔን መዝጋት ነው። ይህን የጻፍኩት በእርጋታ ነው... እርጋታ ነው ወይስ ድካም?

እሁድ፣ ኖቬምበር 9

የዘንድሮው የቅድስት ካታሪና ደጋሽ ዶኛ ዘናይዳ ናቸው። በ25 ሰፈሩ በሙሉ እሳቸው ግቢ ይበላል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ «ብቻዋን ምን ትችላለች» እየተባለ ተራው ሲዘላቸው ኖሯል። ዘንድሮ ሌላ ሰው ጠፋና ደረሳቸው።

የሸክላ አፈር እየነፉ ነበር። «ይቺን ቀን ካዋረድኳት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ስሞትም ያወሩብኛል። ያውም ቀብሬ ላይ፣ የኔኑ ዳቦ እየበሉ።»

አጋነኑ ልል ነበር። የሰፈሩን ሰው አስታወስኩና ተውኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

እቶኑ ተከፈተ። ቀናን። ጥቂቱ ተሰንጥቋል፣ አረንጓዴው ቅብ ካሰብኩት ጠቆር ብሏል፤ ይሻላል።

እቶኑ አፍ ላይ ቀይ ቃሪያ ተንጠልጥሎ ነበር። ለክፉ ዓይን ነው።

«ከማን ዓይን?» አልኳቸው።

«ካንተ። እሳቱን ስታየው አፍህ ተከፍቶ ነበር።»

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

የበዓሉ ሳህኖች በአምናው ደጋሽ ቤት ይቆዩና ለዘንድሮው ይሰጣሉ። አምና የደገሱት ዶን ኤርሚሎ ናቸው፤ የዶኛ ዘናይዳን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሱ። ዛሬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«አበልጄ፣ ሳህኖቹ...»

«ሳህኖቹ ምን ሆኑ፣ አበልጄ?»

«ዝናቡ ጣሪያውን አወረደባቸው።»

«የቱ ዝናብ?»

«ያ... ትልቁ።»

«እኔ ቤት አልዘነበም እኮ።»

አበልጅ ከአበልጁ አይጣላም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ፈገግ ብለው ተያዩ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ለጠላቴም አልመኝም።

«ፕላስቲክ አለ» አሉ ዶን ኤርሚሎ ሲወጡ። «ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። በልቶ መወርወር።»

የሸክላ ሠሪ መንደር በዓሉን በፕላስቲክ ሊበላ ነው። የዶኛ ዘናይዳ ፊት አልተለወጠም። ጉልበታቸው ላይ የነበረው ጎድጓዳ ሳህን ግን ተመልሶ ጭቃ ሆነ። አዲስ እንዳይሠሩ መች ይደርቅላቸዋል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ዶኛ ዘናይዳ መጥተው ወርክሾፑ ውስጥ ተቀመጡ። የሬናታ ሳህኖች የታሸጉባቸውን ሳጥኖች እያዩ ብዙ ቆዩ።

«ቆንጆ ናቸው» አሉ። ከዚህ በፊት ብለውኝ አያውቁም።

«አዎ።»

«ብዙ ናቸው።»

«አዎ።»

«ሣር አልብሰህ አጋደምካቸው። እንደ ሬሳ።»

አልጠየቁኝም፤ ከመጠየቅ ሞት ይሻላቸዋል። እምቢ ማለት ትክክል ነበር። ትክክሉን እያወቅኩ «ይውሰዷቸው» አልኩ። «ታጥበው በነጋታው ይመለሱልኝ።»

«ይታጠባሉ» አሉ።

ስለ መመለስ ምንም አላሉም። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ርችት ከንጋት ጀምሮ። ውሾቹ አልጋ ሥር ገቡ፤ እኔም አሰብኩበት ነበር።

ግቢው ሞላ። የሙዚቃ ባንዱ እኩል ሊጨርስ ያልቻለውን ዜማ ደጋግሞ ሞከረ። ሞሌው፣ ያ ጥቁር የቃሪያ ወጥ፣ በኔ ሳህን ቀረበ። ለወጥ ያልተሠራ ሳህን ላይ ወጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት መማር አያስፈልግም። ሰው ሁሉ ሳህኑን በሁለት እጁ አግድም ይዞ ትንፋሹን ዋጠ። ከዶን ኤርሚሎ ሳህን ወጡ አምልጦ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ወረደ።

«አበልጄ፣ ይኼ ሳህን ነው ወይስ አስፋልት?»

«ቀስ ብለው ይብሉ፣ አበልጄ። እዚህ ጣሪያ አይወርድብዎትም።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዶኛ ዘናይዳ ሳይስቁ አለፉ። ቀኑ የሳቸው ሆነ።

ከዚያ መሄጃ ሰዓት ደረሰ። እዚህ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ለቤት ይጨመርለታል። ይህን አውቃለሁ። በሰው ሳህን ስንቴ ተሸክሜ ወጥቻለሁ! ሳህኑ የኔ ሲሆን ግን... ሞሌ ተጨልፎበት፣ በበቆሎ ቂጣው በቶርቲያ ተከድኖ፣ አንድ በአንድ በበሩ ሲወጣ ቆሜ አየሁት።

«ዶኛ ዘናይዳ! ሳህኖቹ!»

«ታዲያ በባርኔጣቸው ይውሰዱት?»

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

አንድም አልተመለሰ። ደጅ ደጁን ስል ዋልኩ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ የሚሞላበት እስኪገኝ ይቆያል። የሰፈሩ ዶሮዎች እንቁላል እስኪጥሉ እየጠበቅኩ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ሳህኖቹ መምጣት ጀመሩ። በባቄላ፣ በዱባ፣ በብርቱካን። አንዱ ሳሙና ይዞ መጣ፤ ምን ሊሉኝ ፈልገው ይሆን? አንዱ ጫጩት።

«ጫጩቷን ምን ላድርጋት?» አልኳት ያመጣችውን ሴት።

«አሳድጋት፣ ኢንጂነር።» ኢንጂነር አይደለሁም። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ገሚሱ አሁንም የለም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ሬናታ መጣች። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ተበልቶበታል።»

«አዎ።»

«ማን በላበት?»

«ሰፈሩ።»

ታሪኩን ነገርኳት። ልብ ወለድ ቢሆን ይሄኔ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር። «ደስ የሚል ባህል ነው» አለች፤ ሳህኑን አስቀመጠች፤ ከፋብሪካ እንደምታዝ ነገረችኝ። ውሃ ጠጥታ ሄደች። ልክ ናት። እኔም ብሆን ያንን አደርግ ነበር።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ለዶኛ ዘናይዳ ነገርኳቸው። ወርክሾፑን እንደምዘጋ፣ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እንደምመለስ። እጃቸውን ታጠቡ። ረዥም ሰዓት ታጠቡ።

«ተቆጣኸኝ?»

«አልተቆጣሁም።»

«መቆጣት ነበረብህ። ሰው ይቆጣል። አንተ ሁልጊዜ እንዲህ... በመስኮት እንደሚያይ ሰው።»

ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ። ገና ቀን ነበር።

እሁድ፣ ዲሴምበር 14

ሻንጣዬን እያሰርኩ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት ዶን ኤርሚሎ፤ ሸሚዛቸው ታጥቧል፣ እድፉ አለ። ከኋላ ዶኛ ዘናይዳ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ። ሻማ ይዘዋል፣ የአገሩን አረቄ መስካልን ይዘዋል። የቀሩትን ሳህኖች ያመጡ መስሎኝ እጃቸውን አየሁ።

«ኢንጂነር» አሉ ዶን ኤርሚሎ፣ «ቅድስቲቱ እንግዶቿን ያበላችው ባንተ ሳህን ነው።»

«በዶኛ ዘናይዳ ወጥ።»

«በሳቸው ወጥ፣ ባንተ ሳህን። ተሰብስበን ተነጋገርን። የሚመጣው ዓመት ድግስ ያንተ ነው።»

ለውጭ ሰው ተሰጥቶ አያውቅም። እንደምሄድ ነገርኳቸው። ወርክሾፑ ተዘግቷል፣ ሻንጣውም ይኸው አልኩ።

«ሂድ፣ ማን ከለከለህ» አሉ ዶኛ ዘናይዳ። «ደግሰህ ትሄዳለህ።»

ዶን ኤርሚሎ መስካሉን ቀድተው ዘረጉልኝ። የጠጣ ተቀብሏል። ያልጠጣ... ያልጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እስከ አፉ የሞላውን ብርጭቆ ተቀበልኩ። ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ፤ የተረፈውን ጠጣሁ።

«በል» አሉ ዶን ኤርሚሎ፣ «ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ። እንዳታረፍድ፣ ደጋሽ አያረፍድም።»

ሻንጣውን ፈትቼ ሸሚዝ አወጣሁ። አሁን ካውያው እስኪግል እየጠበቅኩ ነው።