በልጆቹ የደንገል መደላድል ላይ ለተቀመጡት ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ የሺአረግ አካሉ
የሠራተኞች ቲያትር አዳራሽ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ በተለይም ባለፈው ቅዳሜ ማታ ያን ያህል ሰዓት ከፍ ብለው ተቀምጠው ስለ ቆዩ ወገብዎ ደኅና እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ የሽመና ክፍል ሠራተኛዋ ፀሐይወርቅና ልጄ እሌኒ ደኅና ነን። ባለቤቴ አንዳርጋቸው ግን እርስዎም እንደሚያውቁት ከኪነት ቡድኑ ጋር ወደ ሰሜን ስለ ሄደ፣ ስለ እሱ ደኅንነት ልነግርዎ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ መለጠፌ እንዳያስቀይምዎ። ሂስ መድኃኒት ነው፣ ከጀርባ ማማት ግን የአድኃሪ ጠባይ ነው እያሉ በውይይት ክበብ ያስተማሩን እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ጎበዝ ተማሪ ልሁን ብዬ ነው። “እርስዎ” ማለቱንም እስክለምደው ትንሽ ይታገሡኝ፤ ጎን ለጎን ቆመን የክር መዓት ስንቀጥል፣ እሌኒንም አቅፈው ክርስትና ሲያነሷት እንዲህ አንጠራራም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር በአደባባይ ማንሳቴ ለሥልጣንዎ የማይመች ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ልጅቷ ግን ዛሬም የምትጠራዎ የክርስትና እናቴ ብላ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። የአዳራሻችን ወለል ሜዳ ነው፤ ልጆቻችን ቲያትር አየን የሚሉት የሰው ማጅራት አይተው ነው። እርስዎ ይህ አንጀትዎን በልቶት ከወንበሩ ላይ ተደርጎ ልጆቹን ከፍ የሚያደርግ መደላድል ይመረጥ ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ እኔንም በአባልነት አከበሩኝ። ከእንጨት ሥራ ክፍል የመጣው ሳጥን፣ ልጅ በተነቃነቀ ቁጥር ብረቱን ወንበር እያንኳኳ ተዋንያኑን አላናግር አላቸው። በጥጥ ውዳቂ የተሞላው ከረጢት ደግሞ ልጆቹን ከፍ አድርጎ ተቀብሎ፣ መጋረጃው ሳይከፈት ቁልቁል አወረዳቸው።

ሦስተኛውን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን አቶ ቡርሀንንና ልጃቸውን መሪማን ለምኜ፣ ከሐይቁ ዳር የታጨደ ደረቅ ደንገል እንደ ታንኳ ጎን ጥብቅ አድርገው አስረው መደላድል ሠሩልን። መሪማ፣ እንጨት የጫነ ሰው ከሐይቁ ማዶ የሚያሻግር ደንገል አንዲት ፍሬ ልጅ መሸከም አያቅተውም ብላ እየሳቀች አስረከበችኝ። እውነትም ልጆቹ ቢወዛወዙበት አይንሸራተት፣ አይጮህ፣ አይሟሽሽ። እርስዎም ለሙከራ ተቀምጠውበት፣ ይሄማ ለእኔም ይሁንልኝ ብለው አሳቁን። እኛ የዋሆቹ ቀልድ መስሎን ነበር።

ልጅ ቀይ ይወዳል፣ ቀይ ይልበስ ያሉትም እርስዎ ነዎት። ከሥራ ስወጣ እየተቀመጥሁ ሁሉንም ቀይ አለበስኋቸው፤ በእሌኒ መደላድል ላይ ብቻ በነጭ ክር አንዲት ታንኳ ጠለፍሁበት።

ለእኔ ቤት ይህ የመቀመጫ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቅዳሜው ቲያትር አንዳርጋቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ይጫወታል፤ በማግስቱ ቡድኑ ለሠራዊቱ ሊያሳይ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። አባትና ልጅ ምልክት ተነጋገሩ፤ እሱ መድረክ ላይ ሲወጣ ጆሮውን ይጎትታል፣ አየሁሽ ማለቱ ነው፤ እሷም የራሷን ጎትታ ትመልስለታለች። ልጅቷ ሰሞኑን ሁሉ ጆሮዋን ስትጎትት ሰነበተች። ይህንንም እርስዎ ያውቁ ነበር፤ ቤቴ ተቀምጠው ስትነግርዎ የራስዎን ጆሮ ጎትተው መልሰውላታልና።

እንግዲህ አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነ፣ ቅዳሜ ስንደርስ ቀያዮቹ መደላድሎች በሙሉ በፊተኛው ረድፍ ተደርድረው ማግኘታችን ነው። ከክፍለ ሀገሩ የመጡ እንግዶች ባዶ ብረት ላይ አይቀመጡም አሉን። እንግዳ ማክበር ባህላችን ስለ ሆነ አልተከራከርንም፤ የእንግዳ መቀመጫ ከልጅ ስር እንደሚወሰድ ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው፣ መደላድሉን ተማምነን ልጆቹን የመደብናቸው ከእንግዶቹ ኋላ ነበር። ጥንቱን ትልቅ የነበረው ሰው በእኛው ደንገል ሌላ ስንዝር ተጨመረለት። ድሮ በትከሻና በትከሻ መካከል ቀዳዳ አይጠፋም ነበር፤ የእርስዎ ኮሚቴ፣ የእኔም እጅ ያለበት ኮሚቴ፣ እሱንም ደፈነው። ልጄን አንሥቼ ባቅፋት ሥርዓት አስከባሪው መጥቶ የኋለኞቹን ጋርደሻል፣ አስቀምጫት አለኝ። ስለ ኋለኞቹ የሚጨነቅ ሰው በአዳራሹ መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል።

ንግግርዎንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸውና ከፍ አድርገን አስቀምጠናቸዋል ለማለት ሲነሱ፣ ከስርዎ የቀረችው ነጭ ታንኳ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ቀይ መካከል የመረጡት የልጅዎን ነው። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ ታንኳዋን እያየሁ ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሦስተኛ ብዬ መቍጠር አልቻልሁም። አንዳርጋቸው ወጣ። ጆሮውን ጎተተ። ወደ እኛ በኩል አሻግሮ አየና ደግሞ ጎተተ። ሕዝቡ ዓሣ አጥማጁን ጆሮው የሚያሳክከው መስሎት በሳቅ ፈረሰ፤ እሌኒም ሰው የሚስቀው ምን አይቶ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ቤት ስንገባ አይታኝ ነበር ወይ አለኝ። አይታሃለች፣ መልሳልሃለች፣ አንተ ነህ መብራቱ ዓይንህን ወግቶህ ያላየሃት አልሁት። ደስ አለው። ጦር ግንባር ለሚሄድ ሰው መዋሸት አስቤው የማላውቀው ነገር ነበርና ስላስተማሩኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጠዋት መኪናው የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ወሬውን አልሰማሁም። ተመልሶ ቢጠይቃት ምን እንደምትለው አላውቅም።

ካሳ አልጠይቅም። መደላድሎቹ በየስብሰባው ከአለቃ ስር እየዞሩ መሆኑን ሰምቻለሁና ወደ ልጆቹ ይመለሱ። ትናንት መሪማ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ደንገሉ ቻለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቻለ አልኋት። ማንን እንደ ተሸከመ መንገር አፈርሁ።

ከፍ ካሉበት ሳይወርዱ፣ ሳይነቃነቁና ሳይቆረቁርዎ ዘመንዎን እንዲፈጽሙ የምመኝልዎ፣ የቀድሞ ጓደኛዎ፣ የዛሬ የኋላ ተመልካችዎ፣

ፀሐይወርቅ አዘዘ

ማስታወሻ፦ የእሌኒ አስተማሪ ቲያትር ቤት ያያችሁትን ሳሉ ብትላቸው፣ እሌኒ አንድ ትልቅ ራስ ከኋላ በኩል ሳለች፤ ለሹመትሽ ቀን የሰጠሁሽ የቢራቢሮ ጸጉር ማስያዣ ሳይቀር አለበት። ከፊትሽ የነበረችው ማን እንደ ሆነች አውቀሽ ነበር ወይ አልኋት። ከመጀመሪያው አውቃለሁ አለች። ታዲያ ትከሻዋን ነክተሽ ትንሽ ዝቅ በይልኝ ለምን አላልሻትም ብላት፣ እኔ መሆኔን ካየች መደላድሌን ራሷ ትሰጠኛለች፣ እስክትዞር ስጠብቅ ነበር አለችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞርሽም፣ የሺ።